የከተማ ጭስ ታሪካዊ ጉዞ፤ ከእንጦጦ ማገዶ እስከ ገዋኔ ከሰል

መግቢያ

የከተማ አየር እየጠራ ሄደ ወይስ እየደፈረሰ መጣ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ሰሞን ዕይታ ነው። በአንድ ጧት ጭስ እንደ ጉም ከተማውን ሸፍኖ ሲታይ ነገሩ ከፋ ይባላል፤ በማግሥቱ ነፋስ ሲጠርገው ይረሳል። የአየር ብክለት የረጅም ጊዜ አዝማሚያ ግን በዚህ ዐይነት ሊታወቅ አይችልም። አዝማሚያን ለማወቅ በዐሥርና በሃያ ዓመታት የሚቆጠር መዝገብ፣ በተለይም ጭሱ ከምን እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ የሚያስረዳ ታሪክ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ከተሞች የአየር ታሪክ በመሠረቱ የማገዶና የነዳጅ ታሪክ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ለተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። ይኸውም አንዱ ቦታ ከጭስ ሲገላገል ብዙ ጊዜ ጭሱ የጠፋ ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ መሆኑ ነው። በአዋሽ ሸለቆ የምትገኘው የገዋኔ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ትሆናለች። ከፋብሪካ ከተሞች ርቃ የምትገኝ ብትሆንም፣ በአንድ በኩል የአገሪቱ ዋና የጭነት መንገድ የሚያልፍባት፣ በሌላ በኩል ለታላላቅ ከተሞች ምድጃ የሚሆን ከሰል የሚወጣባት አካባቢ ናትና።

ጭስ የኑሮ ምልክት በነበረበት ዘመን

በአማርኛ ጭስ የሰው መኖሪያ ምልክት ነው። በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ ገበሬ «ጭሰኛ» ይባል ነበር። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪሽር ድረስ ስሙም ግዴታውም ጸንቶ ኖሯል። ጭስ የሚወጣበት ቤት ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ጭስ የማይታይበት ቀዬ ግን ጠፍ ነው። በገጠር ጎጆዎች ተራርቀው ስለሚሠሩ ከደጅ የወጣው ጭስ ነፋስ ይበትነዋል። በከተማ ግን ሺህ ምድጃዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ይነዳሉ። የከተማ አየር ብክለት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ተመናመነ። የማገዶ እጦቱ እስከዚህ ድረስ በመጽናቱ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገደማ መናገሻ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስለሚያድግና ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ስለሚያቈጠቍጥ የእንጦጦን ተራራ ሸፈነ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባ ጧትና ማታ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጭስ የታጠነ ሆነ። ማገዶውን ከተራራው በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ሴቶች ነበሩ፤ በማድ ቤት ጭሱን የሚስቡትም እነርሱና ልጆቻቸው ነበሩ።

በዚያ ዘመን ጭስ እንደ ጠላት አይቆጠርም ነበር፤ እንዲያውም መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ዕለቱም «ኅዳር ሲታጠን» ተባለ። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን በወረርሽኝ በተመታች ጊዜ አየሩን ያጠራል በሚል እምነት በየመንገዱ እሳት ተነድዶ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀዝቃዛው አየር በታች፣ ሞቃቱ በላይ ሆኖ ጭሱን እንደ ክዳን ይይዘዋል። በአዲስ አበባ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጧቶች ጭሱ ሳይነሣ ረፍዶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቡርና መኪና

ሁለተኛው የጭስ ምንጭ በባሕር በር መንገድ የመጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አዋሽ ሰባት ኪሎም በዚሁ መስመር ላይ በባቡር ጣቢያነት የተመሠረተች ከተማ ናት። ሐዲዱ ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ስለሚሄድ የአዋሽን ወንዝ ተከትለው በስተሰሜን ያሉትን የአፋር ሜዳዎች አልነካም። ገዋኔን ከአገሪቱ ንግድ ጋር ያገናኛት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል የተዘረጋው አውራ ጎዳና ነው። ከዚያ በፊት ወደ አሰብ የሚወርደው የጭነት መኪና በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይጓዝ ነበር። አዲሱ መንገድ የቆላውን ሜዳ ይዞ የሚሄድ በመሆኑ ጭነቱ ወደዚያ አዘነበለ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ተዘጋ። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ፤ ከባድ መኪናዎቹም በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አልፈው በጋላፊ ድንበሩን መሻገር ያዙ። በዚህ መስመር ያሉት ከተሞች ኑሯቸው ከመንገዱ ጋር የተቆራኘ ነው። ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡና አልጋ ቤቱ ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ሾፌሩ ሲያርፍ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆይበት ጊዜ አለ። የናፍጣ ጭስ የሚለቀቀው እንግዲህ ሕዝቡ ተሰብስቦ በሚውልበት ቦታ መሆኑ ነው።

ለልጆች ጤና ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ መሻሻል በዚህ ዘመን መታየቱ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። የሞተርን ሥራ ለማቃናት በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ መርዝ መሆኑ በመረጋገጡ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ አስቀረችው። እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ ሽያጩን ስታቆም እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ወጣ። ይህ መርዝ ከምንጩ ስለ ደረቀ ወደ ሌላ ቦታ አልተዛወረም። በአየር ብክለት ታሪክ ውስጥ እውነተኛ ድል የሚባለውም እንዲህ ያለው ነው።

የመለካት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በለንደን ለአምስት ቀን የቆየ የድንጋይ ከሰል ጭስ በጊዜው ግምት 4,000 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። በ1956 የእንግሊዝ ፓርላማ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር ሳንባን ዘልቆ ደም ውስጥ የሚገባው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ መሆኑ ታወቀ። ይህም ከሰው ጠጕር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2005 መክሮ ነበር፤ በ2021 ምክሩን ወደ 5 ዝቅ አደረገ። መመዘኛው የጠበቀው ቀድሞ አነስተኛ ይመስል የነበረው መጠን ጉዳት እንደሚያደርስ በመረጋገጡ ነው።

በኢትዮጵያ ደቃቅ ብናኝን በየሰዓቱ የሚለኩ መሣሪያዎች የተተከሉት በቅርብ ዓመታት ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያገኘውን ውጤት ለሕዝብ ይገልጽ ነበር፤ የዓመቱ አማካይም ከዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በመላው ዓለም ያሉ ኤምባሲዎቹን የአየር ልኬት መግለጽ በ2025 ሲያቆም ይህም ተቋረጠ። ለታሪክ ጸሐፊም ለዕቅድ አውጪም የመዝገብ መቋረጥ ትልቅ ጉዳት ነው። ያልተጻፈን የትናንት አየር ተመልሶ ለመለካት አይቻልምና።

ከመሣሪያዎቹ በፊት ስለ ነበረው ዘመን ማስረጃ የተገኘው ግን ለሌላ ዓላማ ከተያዘ መዝገብ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካቾች በየሰዓቱ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚታይ ይጽፋሉ። በአየሩ ውስጥ ብናኝ ሲበዛ ሩቁ ተራራ ይደበዝዛል፤ ሲያንስ ይጎላል። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በማገናዘብ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ የአዲስ አበባ የዕይታ ርቀት በ34 በመቶ፣ የካምፓላ በ56 በመቶ፣ የናይሮቢ በ60 በመቶ መቀነሱን አስረድተዋል። ከዚህም በመነሣት የብናኙ መጠን በአዲስ አበባ በ62 በመቶ፣ በካምፓላ በ162 በመቶ፣ በናይሮቢ በ182 በመቶ ጨምሯል ብለው ገምተዋል። ተመልካቾቹ ይጽፉ የነበረው ስለ በረራ ደኅንነት ነበር፤ በታማኝነት ያቆዩት መዝገብ ግን ከ40 ዓመት በኋላ የሦስት ከተሞችን የአየር ታሪክ ገለጠ።

የገዋኔ አየር

የገዋኔን አየር ለመረዳት በመጀመሪያ አቧራንና ጭስን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአፋር ቆላ ደረቅ ምድር ነው። በሐጋይ ወራት ነፋሱ ሲበረታ አቧራው ሰማዩን ያለብሰዋል፤ የካርማ ዝናብ ሲጥል ይረጋል። የእሳተ ገሞራም ድርሻ አለው። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን አፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ የአፍዴራን አካባቢ መንደሮች አልብሶ፣ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደርሷል። እነዚህ የተፈጥሮ ሥራዎች ናቸው፤ ከዓመት ዓመትም ከፍና ዝቅ ይላሉ። የሰው ሥራ የሆነው ጭስ ግን ከመንገዱ፣ ከምድጃውና ከከሰል ክምሩ የሚወጣው ነው።

የከሰሉ ታሪክ የሚጀምረው ከእርሻ ልማት ጋር ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በመካከለኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ፤ ቀድሞ የአፋር አርብቶ አደር የደረቅ ወራት ግጦሽ የነበረው የወንዝ ዳር መሬት ወደ እርሻነት ተለወጠ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነፋስ ለመከላከልና ጥላ ለመስጠት ተብሎ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው እሾኻም ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ በእርሻዎቹ ዳር ተተከለ። አፋሮች በጊዜው በነበረው መንግሥት ስም «ደርጊ ሀራ» ብለው ሰየሙት። ፍየልና ግመል ፍሬውን በልተው ዘሩን በበጠጣቸውና በፋንድያቸው በተኑት፤ ከተተከለበት ወጥቶ የአሚባራንና የገዋኔን ግጦሽ ወረረ።

ዛፉን በመጠቀም ለመቆጣጠር በማሰብ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በእነዚሁ ወረዳዎች ፋርም አፍሪካ በተባለው ድርጅት ድጋፍ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ከሰል ማክሰል ተጀመረ። ለአርብቶ አደሩ አዲስ የገቢ ምንጭ ተገኘ፤ ጭነት አራግፎ ወደ መሀል አገር ለሚመለስ መኪናም ጭነት ተገኘለት። በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀው ከሰል በአዋሽና በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ይታያል። በልማዳዊው ዘዴ እንጨቱ ተከምሮ በቅጠልና በአፈር ይሸፈንና አየር እያነሰው ለቀናት ይጨሳል። ከእንጨቱ ክብደት ውስጥ ከሰል ሆኖ የሚቀረው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስ፣ በእንፋሎትና በጋዝ መልክ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ የከተማዋ እመቤት ከሰል የምትመርጠው ጭስ ስለሌለው ነው ሲባል፣ ጭሱ አስቀድሞ በገዋኔ ሜዳ ላይ ወጥቶ አልቋል ማለት ነው። ከሰሉም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል።

የተዛወረ ጭስና የጠፋ ጭስ

በዚህ ዐይን ሲታይ ያለፈው መቶ ዓመት ለውጥ ሁለት መልክ አለው። አንዱ የጭስ መዛወር ነው። ኬሮሲን ውድ ሲሆን ብዙ ቤተሰብ ወደ ከሰል ዞረ፤ የከተማው ጭስ ቀንሶ የቆላው በረከተ። ሁለተኛው የጭስ ከምንጩ መቀነስ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማ ቤቶች እየተለመደ ሄደ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ማገዶ ለመቆጠብ ተሠራጩ። የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ።

እነዚህ እርምጃዎች እውነተኛ ቢሆኑም ለሁሉም እኩል አልደረሱም። የኤሌክትሪኩ ባቡር እንደ ቀድሞው ሐዲድ ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ በገዋኔ የሚያልፈው አሁንም በናፍጣ የሚሄደው ከባድ መኪና ነው። የቤት መኪና ክልከላውም የጭነት መኪናውን አይመለከትም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የአዲስ አበባ ሰማይ መጥራት ብቻውን የአገር አየር ጠራ የሚያሰኝ ማስረጃ የማይሆነውም ስለዚህ ነው። አዝማሚያው መመዘን ያለበት ማገዶው ከተቆረጠበት ሜዳ ጀምሮ ወጥ እስከሚሠራበት ማድ ቤት ድረስ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ ግን ያለ ልኬት፣ ልኬትም ያለ ተከታታይ መዝገብ ውጤቱ ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ ትምህርት ቤት ከማንኛውም ተቋም የበለጠ ዕድል አለው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይቀበላል፤ ከቦታውም አይንቀሳቀስም።

ለምሳሌ ከገዋኔ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ 2,145 ሜትር ከፍታ ያለው የአየሉ ተራራ ቆሟል። ተማሪዎች በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ጧትና ቀትር ላይ፣ ተራራው ጎልቶ መታየቱን፣ መደብዘዙን ወይም መሰወሩን ነፋሱንና ዝናቡን ጨምረው ሊመዘግቡ ይችላሉ። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ከሱጉም እስከ ካርማ ያለው ልዩነት የአቧራን ጠባይ ያስተምራል፤ ነፋስ በሌለበት ጧት የሚታየው መደብዘዝ ደግሞ ስለ ጭስ ያመለክታል። የሒሳብ መምህሩ አማካይና ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያስተምርበታል፤ የጂኦግራፊ መምህሩ የነፋስ አቅጣጫን፤ የታሪክ መምህሩ የመንገዱንና የዛፉን ታሪክ ከአረጋውያን እየጠየቁ መጻፍን ያስተምርበታል።

ዕቅድ አውጪዎችም ሊያጤኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ ቦታው ከአውራ ጎዳናው ዳርና ከመኪና ማቆሚያ እንዲርቅ፣ መማሪያ ክፍሎቹም ነፋሱ ከጎዳናው በሚመጣበት በኩል እንዳይከፈቱ ማድረግ በኋላ ከሚደረግ ማስተካከያ ይልቅ ወጪው ያነሰ ነው። የተማሪዎች ምገባ በሚካሄድበት ቦታ የማድ ቤቱ ጭስ ወደ ክፍሎቹ እንዳይዘልቅ፣ የምታበስለዋም ሴት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ እንዲኖራት ማድረግ የትምህርት ሥራ አካል ነው። ከሰል በሚከሰልባቸው ወረዳዎች ደግሞ አነስተኛ እንጨት የሚፈጁና ጭሳቸው የቀነሰ የማክሰያ ዘዴዎች በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ውስጥ ቢካተቱ፣ የአርብቶ አደሩ ገቢ ሳይነካ ጤናው ይጠበቃል።

በመጨረሻም መዝገቡ የሚቀመጠው በመምህሩ ሻንጣ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መሆን አለበት። መምህር ይዛወራል፤ ርዕሰ መምህርም ይለወጣል። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ 20 ዓመት ከቆየ ግን፣ ዛሬ ከአንደኛ ክፍል መስኮት አየሉን የሚመለከተው ሕፃን አድጎ መምህር ሲሆን የልጅነቱ አየር ከልጆቹ አየር የተሻለ እንደ ነበር ወይም የከፋ እንደ ነበር በግምት ሳይሆን በማስረጃ ሊናገር ይችላል።